ፋስት ኮኔክተር በገላን፦ ክረምቱንም በጋውንም ካየ በኋላ

ከቃሊቲ ወጣ ብሎ ገላን ያለው መጋዘናችን ከዋናው በር እስከ ቢሮ 250 ሜትር ግድም ነው። በሩ ላይ ላሉት ካሜራዎች ተራ የኔትወርክ ገመድ መዘርጋት አይታሰብም፤ የመዳብ ገመድ ወሰኑ 100 ሜትር ነው። በዚያ ላይ የክረምቱ መብረቅ አለ። መብረቅ በገመድ ገብቶ ስዊች (የኔትወርክ ማከፋፈያ) ሲያቃጥል ያየ ሰው ፋይበር፣ ማለትም ብርሃን የሚያስተላልፍ ቀጭን የብርጭቆ ክር፣ ለምን እንደሚመረጥ አይጠይቅም። ብርጭቆ ኤሌክትሪክ አያስተላልፍም። ግን ተንጠልጣዩ ገመድ ጎኑ ላይ ብረት ሽቦ ስላለው ሽቦውን ውጪ ግድግዳ ላይ አስራችሁ ቁረጡት፤ ቤት አይግባ።

መስመሩን የዘረጋነው ባለፈው ክረምት መግቢያ ላይ ነው። ጫፎቹን በሙሉ ያሰርነው በፋስት ኮኔክተር ነው፤ ያለ ስፕላይስ ማሽን (ፋይበርን ከፋይበር አቅልጦ የሚቀጥል ማሽን)፣ በእጅ የሚገጠመው መሰኪያ ማለት ነው። አሁን በጋው እየተገባደደ ስለሆነ አፌን ሞልቼ መናገር እችላለሁ።

መጀመሪያ ግን ምርጫው። ገበያ ላይ በብዛት የምታገኙት ኤስሲ የሚባለውን አራት ማዕዘን ኮኔክተር ነው። ገፋ ሲያደርጉት ቀጭ ብሎ ይገባል፣ ሳብ ሲያደርጉት ይወጣል። መሃሉ ላይ 2.5 ሚሊሜትር ውፍረት ያላት ነጭ የሴራሚክ ዘንግ አለች። ኤልሲ የሚሉት ዘንጉ 1.25 ሚሊሜትር ነው፤ ትልልቅ ስዊቾች ላይ ቦታ ለመቆጠብ ይጠቅማል። በጥርስ የሚታሰረው ኤፍሲና ተጠምዞ የሚቆለፈው ኤስቲ ደግሞ የቆየ መሣሪያ ከሌላችሁ አያስፈልጓችሁም።

ሰው የሚሸወደው በቅርፁ ሳይሆን በቀለሙ ነው። ሰማያዊው ዩፒሲ ነው፤ አረንጓዴው ኤፒሲ። የሰማያዊው ጫፍ ቀጥ ብሎ የተወለወለ ነው። የአረንጓዴው ደግሞ 8 ዲግሪ ያዘነበለ ነው፤ ተንጸባርቆ የሚመለሰው ብርሃን ወደ መጣበት ቀጥ ብሎ እንዳይሄድ። ሁለቱም እርስ በርስ ይሰካሉ፣ ጉዱም እዚያ ላይ ነው። ኮኔክተሩን የገዛንበት ሱቅ ያለው ልጅ «ብራዘር፣ ሁለቱም ያው ነው፣ ይገባል» ብሎን ነበር። መግባቱን ይገባል! ቀጥ ያለና ያዘነበለ ጫፍ ግን ፊት ለፊት አይገጥምም፤ መሃል ላይ ክፍተት ይቀራል፣ ብርሃኑ ይባክናል፣ ጫፎቹም ሊጫጫሩ ይችላሉ። ለቤት ኢንተርኔት የሚገባው ሳጥን ብዙ ጊዜ አረንጓዴ ይፈልጋል። የእኛ ሚዲያ ኮንቨርተር (የፋይበሩን ብርሃን ለተራ የኔትወርክ ገመድ የሚቀይረው ሳጥን) ግን ሰማያዊ ነው። ስለዚህ ወደ ሱቅ ከመሄዳችሁ በፊት የመሣሪያችሁን ቀዳዳ ፎቶ አንሱ።

አገጣጠሙ እንዲህ ነው። የገመዱ ልባስ ይላጣል፣ ከዚያ የፋይበሩ ቀለም፤ 125 ማይክሮን (የሚሊሜትር ስምንተኛ) ውፍረት ያለው ባዶ ብርጭቆ ይቀራል። በአልኮል ይጠረግና በክሊቨር (በፋይበር መቁረጫው) ይቆረጣል። ከዚያ ወደ ኮኔክተሩ ቀስ ብሎ ይገፋል። ውስጥ ፋብሪካ የወለወላት አጭር ፋይበር አለች፤ የእናንተው ፋይበር ሲነካት ከኋላ በትንሹ ጎበጥ ይላል። ያኔ ይቆለፋል። በሁለቱ መሃል ያለውን ክፍተት የሚሞላው ጄል ነው። ሥራው በሙሉ ያለው ክሊቨሩ ላይ ነው፤ ርካሽ ክሊቨር ጠማማ ይቆርጣል፣ ጠማማ የተቆረጠን ጄል አያቃናውም። ገንዘብ ካነሳችሁ ኮኔክተሩ ላይ ቆጥቡ እንጂ ክሊቨሩ ላይ አትሰስቱ።

ወደ ውጤቱ ልምጣ። ቢሮ ውስጥ ያለው ጫፍ ከተገጠመበት ቀን ጀምሮ ንቅንቅ አላለም። በፓወር ሜትር (የብርሃኑን ጉልበት በሚለካው መሣሪያ) ስለካው ንባቡ ያው ነው። የበሩ ጫፍ ግን ሌላ ታሪክ ነው። እዚያ ያለው ሳጥን ቆርቆሮ ነው፤ ቀን ፀሐይ ያግለዋል፣ ሌሊት ይቀዘቅዛል። ገመዱም ከሙቀቱ ጋር ይሳሳባል። ጥር ላይ ስንለካው ብርሃኑ 3 ዲቢ (ዴሲቤል፣ ብክነቱ የሚለካበት) ወርዶ አገኘነው። ትንሽ ቁጥር ይመስላል እንጂ 3 ዲቢ ማለት ግማሹ ብርሃን ጠፋ ማለት ነው። ከፍተን ደግመን ስንገጥመው ተስተካከለ፤ ብዙም ሳይቆይ ግን እንደገና መውረድ ጀመረ።

አቧራውም አለ። በበራችን አሸዋና ጠጠር የጫነ መኪና ሲያልፍ ይውላል። ብርሃን የሚሄድበት የፋይበሩ እምብርት 9 ማይክሮን ብቻ ነው፤ ለዓይን የማትታይ ብናኝ ትከድነዋለች። ለዚህ ከገዛሁት ሁሉ የወደድኩት እንደ እስክሪብቶ የምትያዘዋን ማጽጃ ነው። ጫፉ ላይ አድርጋችሁ ስትጫኗት ቀጭ ትላለች፣ ውስጧ ያለው ክር ዞሮ ይጠርጋል። በአፍ እፍ ማለት ወይም በሸሚዝ ጫፍ መጥረግ ይቅርባችሁ። ብርሃን አለ የለም ብላችሁም ጫፉን በዓይናችሁ አትዩ፤ ብርሃኑ አይታይም፣ ዓይን ግን ይጎዳል።

ደግሞ መስመር በጠፋ ቁጥር ኮኔክተሩን አትውቀሱ። አንድ ቀን ካሜራው ሁሉ ጨልሞ እየሮጥን በር ድረስ ሄድን። ጋሼ ዘበኛው ኮንቨርተሩን ነቅለው ስልካቸውን ቻርጅ እያደረጉ ነው! «አምስት ደቂቃ አይሞላም እኮ ልጄ» አሉኝ። አሁን ባለ ሦስት ቀዳዳ ማከፋፈያ ገዝተንላቸዋል።

ሌላው ቅሬታዬ ጥራቱ አንድ ወጥ አለመሆኑ ነው። ከአንድ ከረጢት የወጡ ኮኔክተሮች አንዳንዱ ሲቆለፍ ጥርቅም ይላል፣ አንዳንዱ ይላላል። ሻጩን ብንጠይቀው «ከፋብሪካው ነው» አለና ተገላገለን።

በመጨረሻ በሩ ላይ በስፕላይስ ማሽን የተቀጠለ ፒግቴል (አንድ ጫፉ ላይ ኮኔክተሩ ፋብሪካ የተገጠመለት አጭር ፋይበር) አስገባን። ጥሩ ስፕላይስ የሚያባክነው ብርሃን 0.1 ዲቢ እንኳ አይሞላም፤ ፋስት ኮኔክተር በደንብ ተገጥሞም ከ0.3 እስከ 0.5 ዲቢ ይበላል። ለአጭር መስመር ልዩነቱ ምንም አይደለም፤ እኔን የቀየረኝ መዋዠቁ ነው። ቤት ውስጥ ለሚቀመጥ ጫፍ ግን ፋስት ኮኔክተርን ዛሬም እገዛለሁ። የቢሮውን አልነካሁትም። ጥቂት ፍሬም መሳቢያ ውስጥ አስቀምጫለሁ፤ ከፍ ብሎ የጫነ መኪና ገመዱን እሁድ ቀን ቢበጥሰው ማሽን ያለው ባለሙያ እስከ ሰኞ አይገኝም።