አልማዝ ባለጭራ ነው ወይስ መድኃኒቱ?

ወሎ ውስጥ ቆዳ ላይ ውሃ የቋጠረ ነገር ከወጣ ቶሎ የሚሰጠው ስም አልማዝ ባለጭራ ነው። አንዳንዴ ግን ነገሩ ቆዳን የሚልጠው ከባድ ሕመም፣ ስቲቨንስ-ጆንሰን ሲንድረም ይሆናል፤ እሱ ደግሞ ጊዜ አይሰጥም።

አልማዝ ባለጭራ አብዛኛውን ጊዜ አንድ ጎን ይመርጣል። ግራ ጎድን ላይ ከወጣ ቀኙን አይነካም። አስቀድሞ ቦታው ያቃጥላል፣ ይወጋል፤ ከዚያ ውሃ የቋጠሩት እንደ ቀበቶ ይሰለፋሉ። የቫይረስ መድኃኒቱ አሲክሎቪር በ72 ሰዓት ውስጥ ቢጀመር ጥሩ ነው። ዓይን አካባቢ ከሆነ ግን ሳያድሩ ሐኪም ጋ ነው።

ስቲቨንስ-ጆንሰን አብዛኛውን ጊዜ የሚነሳው ከመድኃኒት ነው፤ አዲስ መድኃኒት ከተጀመረ ከ4 እስከ 28 ቀን ባለው ጊዜ። አንቲባዮቲኩ ኮትሪሞክሳዞል፣ የሚጥል በሽታ መድኃኒቶቹ ካርባማዜፒንና ፌኒቶይን፣ የሪህ መድኃኒቱ አሎፑሪኖል በዚህ ይታወቃሉ። አጀማመሩ ጉንፋን ይመስላል፦ ትኩሳት፣ የጉሮሮ ሕመም፣ የዓይን መቅላት። (እዚህ ላይ ነው «ምች ነው» ተብሎ ዳማከሴ የሚታሸው።) ቀጥሎ ፊትና ደረት ላይ መሃላቸው የጠቆረ ነጠብጣቦች ይወጣሉ። ከንፈር ቆስሎ ደም ይቋጥራል፣ ምራቅ መዋጥ ያቅታል፣ ሽንት ያቃጥላል። የቀላውን ቆዳ በጣት ገፋ ቢያደርጉት ይላጣል። የተላጠው ከሰውነት 30 በመቶ ካለፈ ቶክሲክ ኤፒደርማል ኔክሮሊሲስ ይባላል፤ እንክብካቤውም እንደ ከባድ ቃጠሎ ነው።

እኔ ቀድሜ የማየው አፍና ዓይንን ነው። ሁለቱም ከቆሰሉ ቅጠል መቀባቱ ይቅር። ከደሴ ወጣ ብሎ ያለው ቦሩ ሜዳ ሆስፒታል በቆዳ ሕክምና የቆየ ስም አለው፤ ቢሆንም መጀመሪያ ቅርብ ወዳለው ድንገተኛ ክፍል ይሂዱ። የመድኃኒቱን ማሸጊያ መያዝ አይርሱ።