ለኮርቻ ቆዳ ዘይትና ኮንዲሽነር፦ የቱ ይገዛ፣ የቱ ይቅር

የኮርቻ ዘይት ሊገዛ የተነሣ ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀው «የቱ ብራንድ ይሻላል?» ብሎ ነው። የሚቀድመው ግን ቆዳው በምን እንደለፋ ማወቅ ነው። የእርካቡን ጠፍር አንሡና የተቆረጠውን ጠርዝ እዩት። እስከ መሃሉ ቡናማ ከሆነ ብዙ ጊዜ በዛፍ ልጣጭ የለፋ ነው፤ መሃሉ ላይ ግራጫ ወይም ሰማያዊ መሰል መስመር ከታየ በክሮም፣ ማለትም በብረት ጨው ኬሚካል፣ የለፋ ነው። ካልለየላችሁ በማይታይ ቦታ፣ ከክንፉ ሥር፣ አንድ ጠብታ ውኃ ጣል አድርጉበት። በልጣጭ የለፋው ውኃውን ይመጥና ቦታው ይጠቁራል። በክሮም የለፋውና ላዩ ቀለም የተቀባው ላይ ግን ጠብታው እንደቆመ ይቆያል። ዘይት የሚፈልገው የመጀመሪያው ነው። ሁለተኛው ዓይነት ኮርቻ ያለው ሰው ዘይቱን ትቶ ቀለል ያለ ኮንዲሽነር (ተዘጋጅቶ የሚሸጥ የቆዳ ማለስለሻ) ቢገዛ ይበቃዋል፤ ዘይቱ ላዩ ላይ ቀርቶ አቧራ ከመሰብሰብ ያለፈ ሥራ የለውም።

ከዘይቶቹ አንደኛ የምናደርገው ኒትስፉት ኦይልን ነው። ከከብት ቅልጥምና ከእግር አጥንት የሚወጣ ነው። የእግር ስብ እንደ ሆድ ሞራ በክፍል ሙቀት ስለማይረጋ ወደ ቆዳው ውስጥ በቀላሉ ይዘልቃል። ስትገዙ ጽሑፉን አንብቡ። ከ1895 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ በአሜሪካዋ ሚልዋኪ የሚሠራው የቆዳ እንክብካቤ ኩባንያ ፊቢንግስ ሁለት ዓይነት ይሸጣል፤ አንዱ «100% ፒዩር»፣ ሌላው «ፕራይም ኮምፓውንድ» ይላል። ጠርሙሶቹ ስለሚመሳሰሉ ብዙ ሰው ርካሹን አንሥቶ ይሄዳል። ኮምፓውንዱ ከሌላ ዘይት ጋር የተደባለቀ ነው። ኮምፓውንዱ ስፌት ያበሰብሳል የሚባለው ወቀሳ የሚያሳስበው በተለይ በተልባ እግር ክር የተሰፋ አሮጌ ኮርቻ ያለውን ሰው ነው፤ ናይሎን ክር ላይ ያን ያህል አያስፈራም። የእኛ ቅሬታ ሌላ ነው፦ «ኮምፓውንድ» የሚለው ቃል ምን በምን ያህል እንደተደባለቀ አይናገርም። የዋጋው ልዩነት ደግሞ ለአንድ ኮርቻ ከሚፈጀው መጠን አንጻር ከቁም ነገር አይገባም።

የንጹሑ ኒትስፉትም ጉድለት አለው። ያጠቁራል። ማር የመሰለው አዲስ ኮርቻ ከሁለት ዙር በኋላ የቡና መልክ ይይዛል፣ ወደኋላም አይመለስም። መልኩ እንዲቀየር የማይፈልግ ሰው ቢክ 4 የተባለውን ኮንዲሽነር ይግዛ፤ ቆዳን ባለማጥቆሩ የታወቀ ነው፣ ግን ክው ብሎ የደረቀ ጠፍር ለማለስለስ አቅሙ ያንሳል።

ኒትስፉት በየሱቁ የሚገኝ ዕቃ ስላልሆነ፣ ከውጭ በሚመጣ ሰው ሻንጣ እስኪገባ ድረስ ዓይን ወደ ማድ ቤት መሄዱ አይቀርም። ከማድ ቤቱ ውስጥ የሚሻለው የወይራ ዘይት ነው። ቶሎ አይደርቅም፣ በቀላሉ ይገባል፣ ውጭ አገርም የኒትስፉት ምትክ አድርገው የሚጠቀሙበት ብዙ ናቸው። የኑግ ዘይት ግን ይቅር። ሲቀባ የሚያምር ቢመስልም አየር ሲያገኘው ቀስ በቀስ እየወፈረ ሙጫ የሚሆን የዘይት ዓይነት ነው። ከሳምንታት በኋላ ኮርቻው ላይ ጣት ሲያሳርፉበት ይይዛል፣ አቧራው ተጣብቆበት አይለቅም። የተልባ ዘይት ይብሳል፤ ደርቆ እንደ ቫርኒሽ ይጠጥርና ቆዳው ሲታጠፍ አብሮ ይሰነጠቃል። በተልባ ዘይት የራሰ ጨርቅ ተጨብጦ ከተጣለ ደግሞ በራሱ ሙቀት እሳት ሊያነሣ ይችላልና በረት አጠገብ ጭራሽ አይቀመጥ። የጉሎ ዘይት አይደርቅም፤ ሆኖም ወፍራም ስለሆነ ለብቻው ሲቀባ ይዝረከረካል። ቅቤስ? ቆዳን በቅቤ ማሸት የኖረ ልማድ ነው፣ ያለሰልሳልም። ችግሩ ጥሬ ቅቤ ውስጥ ያለው ውኃና አሬራ ነው፤ ይበላሻል፣ ይሸታል፣ ሌሊት አይጥ መጥቶ ጠፍሩን እንዲቀረጥፍ ይጠራል። ቫዝሊን አይበላሽም፣ ግን ላዩ ላይ ይቀመጣል እንጂ ጠልቆ አይገባም፤ ለዘለበት ብረት ዝገት መከላከያ ይሁን። ስለ ሞተር ዘይት የምንለው የለም፤ አይነካ።

ወደ ተዘጋጁት ኮንዲሽነሮች ስንመጣ፣ ሌክሶል ዘይት በውኃ ውስጥ ተበጥብጦ የተሠራ ስለሆነ ቀጭን ነው። በስፖንጅ ሲቀባ እኩል ይዳረሳል፣ ቅባቱም እጅ ላይ አይቀርም። ለየወሩ እንክብካቤ ከዚህ የሚሻል አልመረጥንም። ሌዘር ሃኒ ከስሙ እንደሚታየው ወፍራም ነው። በብርዱ ወቅት ጠርሙሱን ሙቅ ውኃ ውስጥ ጥቂት ማቆየት ያስፈልጋል፣ አለዚያ ጠብደል ብሎ ይቀመጥና አንዱ ቦታ ጠቁሮ ሌላው ይቀራል። ለረጅም ጊዜ ተጥሎ ለደረቀ ኮርቻ ጥሩ ነው፣ በየሳምንቱ ለሚጫን ግን ይበዛል። የፊቢንግስ ኦሲ ኮንዲሽነር የንብ ሰም አለበት፤ ለሞቃትና ደረቅ አየር ተብሎ የተዘጋጀ በመሆኑ ለበጋው ይስማማል፣ ካፊያንም ይመልሳል። ሰሙ ግን ዘይት ከገባ በኋላ የሚመጣ ነው። ቀድሞ ከተቀባ በሩ ይዘጋና ዘይቱ አይገባም። የሚንክ ኦይል (ሚንክ ከተባለው እንስሳ ስብ የሚሠራ ቅባት) ቆርቆሮ ለጫማ ይቆይ፤ ኮርቻን ከልክ በላይ ያላላል።

አቀባቡ ከምርጫው እኩል ዋጋ አለው። ጠፍሮቹ ይፈቱ፣ ዘለበቶቹ ይውጡ። የደረቀው ላብ በእርጥብ ጨርቅ ይጠረግ፤ የፈረስ ላብ ጨው አለበት፣ ሲደርቅ ከቆዳው እርጥበት ይስባል። በኮርቻ ሳሙና የሚያጸዳ ሰው ውኃውን ይቆጥብ። አረፋ ከወጣ ውኃው በዝቷል ማለት ነው። ብዙው ሳሙና አልካላይ፣ ቆዳው ደግሞ በተፈጥሮው አሲድነት ያለው ስለሆነ የሳሙናው ቅሪት በንጹሕ እርጥብ ጨርቅ መውጣት አለበት፣ አለዚያ ቆዳውን እያደር ያደርቀዋል። ከዚያ ጥላ ውስጥ ይቀመጥና ጨርሶ ሳይደርቅ፣ ትንሽ እርጥበት እያለው ዘይቱ ይቀባ። ክው ያለ ቆዳ ዘይቱን በአንድ ቦታ ጥርግ አድርጎ ይጠጣና ይዥጎረጎራል።

ለአንድ ኮርቻ በአንድ ዙር ከ2 እስከ 3 የሾርባ ማንኪያ ይበቃል። በጠባብ ብሩሽ፣ በተቻለ መጠን ከሥጋው ወገን በኩል ስስ አድርጎ መቀባት ነው፤ የተወለወለው ፊት ዘይት በቀላሉ አያሳልፍም። ከዚያ 24 ሰዓት መጠበቅ። ትዕግሥት የሚያልቀው እዚህ ላይ ነው፤ ከሰዓት በኋላ ገርጥቶ የታየው ቆዳ በማግስቱ ዘይቱ ተሰራጭቶበት መልኩ ይስተካከላል። ሳይጠብቅ ደጋግሞ የቀባ ሰው መቀመጫው ሱሪ የሚያቆሽሽ፣ የእርካቡ ጠፍር የሚለጠጥ፣ የዘለበቱ ቀዳዳ እንደ እንቁላል የሚሞላለል ኮርቻ ያተርፋል። የተለጠጠ ጠፍር ደግሞ እኩል ስለማይለጠጥ አንዱን እርካብ ከሌላው ያስረዝመዋል። የገባ ዘይት ማስወጣት ከባድ ነው።

በክረምት ጉዳዩ ይገለበጣል፤ ጠላቱ ሻጋታ ይሆናል፣ የተረፈ ቅባትም ያባብሰዋል። በዚህ ወቅት ዘይት ይቅርና ስስ የሰም ቅብ ይበቃል። ኮርቻው በፕላስቲክ ከረጢት አይታሰር፤ በነጠላ ወይም በአቡጀዲ ይሸፈን፣ ነፋስ በሚገባበት ቦታ ይሰቀል። አረንጓዴው ብናኝ ከታየ ውጭ አውጥቶ በደረቅ ጨርቅ መጥረግ፣ ከዚያ እኩል በእኩል በተቀላቀለ አቼቶና ውኃ ማበስ ነው። በዝናብ የራሰውን ምድጃ ዳር ማድረቅ ግን ቆዳውን ያኮማትረዋል፤ ከዚያ ወዲያ የትኛውም ዘይት አይመልሰውም።

ዘይት የማይጠግነው ሌላም አለ። የሆዱን ጠፍርና የእርካቡን ጠፍር ዘለበቱ በሚያርፍበት ቦታ ላይ፣ የተወለወለው ፊት ወደ ውጭ ሆኖ፣ በጣት እጠፏቸው። ፀጉር የመሳሰሉ ስስ መስመሮች ላዩ ላይ ብቻ ከታዩ ኒትስፉቱ ይሞከር። ስንጥቁ ጥፍር የሚያስገባ ከሆነ፣ ወይም በስፌቱ ቀዳዳ መስመር ላይ ከሆነ፣ ለስልሶ ቢያምርም ጥንካሬው አይመለስምና ጠፍሩ ይቀየር።