ካኒስተር ወይስ ስፖንጅ? ለድሬ የዓሣ ገንዳ የሚያዋጣው

ገንዳውን ሊያሳድግ ያሰበ ጓደኛ ሁሉ የሚጠይቀኝ አንድ ነገር ነው፦ «ካኒስተር ፊልተር ልግዛ ወይስ ስፖንጁ ይበቃኛል?» ሁለቱም የገንዳውን ውሃ የሚያጣሩ ናቸው፦ ካኒስተር ከገንዳው ውጭ የሚቀመጥ ባለ ሞተር የተዘጋ ዕቃ፣ ስፖንጁ ደግሞ ገንዳው ውስጥ ተቀምጦ አየር በሚነፋ ኤር ፓምፕ የሚሠራ። ድሬዳዋ ለሚኖር ሰው መልሴ ስፖንጅ ነው። ካኒስተር መጥፎ ዕቃ ሆኖ ሳይሆን የእኛን ሙቀትና የእኛን መብራት ስለማይችለው።

መጀመሪያ ብሩን እንቁጠር። ለ100 ሊትር ገንዳ የሚሆን ካኒስተር ለጓደኛዬ ከአዲስ አበባ በሰው ያስመጣሁለት በ14,500 ብር ነው፤ ያውም ተከራክሬ። ስፖንጅ 600፣ ኤር ፓምፕ 1,800፣ ቱቦና ውሃ ወደ ፓምፑ እንዳይመለስ የምትይዘው ትንሽ ቫልቭ 250፤ በድምሩ 2,650። 11,850 ብር ኪስ ውስጥ ቀረ ማለት ነው። ቆጣሪውም አለ፦ 20 ዋት የሚበላ ካኒስተር ሌት ተቀን ሲሠራ በወር 14 ኪሎዋት ሰዓት ያልፋል፤ 4 ዋት ፓምፕ 3 እንኳ አይሞላም።

መብራት ሲሄድ ደግሞ ሁለቱ ይለያያሉ። የዓሣውን አሞኒያ የሚያጠፉት ባክቴሪያዎች ኦክስጅን ይፈልጋሉ። ካኒስተር የተዘጋ ዕቃ ስለሆነ ሞተሩ ከቆመ ውስጡ የቀረውን ኦክስጅን ጨርሰው በጥቂት ሰዓት መሞት ይጀምራሉ፤ መብራት ሲመጣ ያን የሸተተ ውሃ ገንዳው ላይ ይገለብጠዋል። ስፖንጁ ገንዳው ውስጥ ክፍት ስለተቀመጠ የተሻለ ይቆያል። በዚያ ላይ ውሃ በሞቀ ቁጥር የሚይዘው ኦክስጅን ይቀንሳል፤ 20 ዲግሪ ላይ በሊትር 9 ሚሊግራም የሚይዘው 30 ላይ ወደ 7.5 ይወርዳል። ግንቦትና ሰኔ ላይ ቤት ውስጥ ያለው ሙቀት ለድሬ ልጅ አይነገርም።

ጥገናው ላይ ነው ብዙ ሰው የሚያለቅሰው። የድሬ ውሃ ኖራ ይበዛዋል፤ ማንቆርቆሪያችሁን ገልብጣችሁ እዩት። ያ ነጭ ነገር ውሃውን የሚገፋውን የካኒስተሩን ፕሮፔለር ከነዘንጉ ያጣብቀዋል። ዘንጉ ከክብሪት እንጨት ብዙም የማይወፍር ሴራሚክ ነው፤ በጉልበት ስትስቡት ቀጭ ይላል። መለዋወጫ ፈልጎ ማግኘት ሌላ ጣጣ ነው፤ የፎርጅዱ ክፍል ኦርጅናሉ ላይ አይገባም። መሳብ ሳይሆን አቼቶ ውስጥ አሳድሮ ማላቀቅ ነው የሚሻለው። የክዳኑ ጎማ ከደረቀ ደግሞ ጠዋት ምንጣፋችሁን ታሰጣላችሁ። ኤር ፓምፕ ላይ የሚበላሸው ባብዛኛው ውስጡ ያለችው ጎማ ናት፤ አረፋው ሲደክም ብሎን ፈትቶ መቀየር ነው፣ አለቀ። ጎማዋን ስታገኙ ሁለት ሦስት ደርባችሁ ግዙ።

ካርቶን ላይ የተጻፈ ቁጥር አትመኑ። «1,200 ሊትር በሰዓት» የሚለውን ነጋዴው ፊት አስሞክሩት፦ ባለ 10 ሊትር ባልዲ በደቂቃ ከሞላ 600 ነው፣ ግማሹ። 110 ቮልት የተጻፈበትን ደግሞ በነፃም ቢሰጧችሁ ተዉት። ፎርጅድ ስፖንጅ በጣት ሲታሸት ይፈረፈራል፤ መቀመጫውም ክብደት ስለሌለው ይንሳፈፋል።

ትልልቅ ጎልድፊሽ፣ ከ200 ሊትር በላይ ገንዳና መብራት ሲሄድ ከባትሪ የሚሠራ ኢንቨርተር ያለው ሰው ካኒስተር ቢገዛ አልከራከረውም። ሌላው ግን በተረፈው ብር መብራት ሲሄድ ራሱ የሚነሳ ባለ ባትሪ ኤር ፓምፕ ይግዛ፤ 3,500 ብር አካባቢ ነው። ከዚያ ታይዋን ገበያ ወርዶ ትንሽ ቬንትሌተር ይጨምርና በውሃው ገጽ ላይ ያንፍሰው፤ ሁለት ሦስት ዲግሪ ያወርዳል። ውሃው ስለሚተን ኖራው እየጠነከረ ይሄዳል፤ ስለዚህ መሙላት ብቻ ሳይሆን መቀየርም አለበት። ጉፒና ሞሊ ጠንካራ ውሃ ይወዳሉ፤ ለስላሳ ውሃ የሚወደውን ኒዮን ቴትራ ለምን እንደምትገዙ ግን አቦ አይገባኝም።

የገንዳ ውሃ ማሞቂያ (ሂተር) ለድሬ ብር መጣል ነው። ሐረር ለምትኖሩ ግን ሌላ ነው፤ ከተማችሁ ከ1,800 ሜትር በላይ ስለሆነች ሌሊቱ ይበርዳል፣ የሞቃት አገር ዓሣ አይችለውም። ፎርጅድ ሂተር ሙቀቱ ሲደርስ አልጠፋ ብሎ ዓሣውን ይቀቅላል፤ ገንዳ ውስጥ ከመክተታችሁ በፊት ባልዲ ውሃ ውስጥ ከቴርሞሜትር ጋር አንድ ቀን አውሉት።