የውጭ የአሉሚኒየም መጋረጃ በደብረ ብርሃን፦ ከመስከረም እስከ ሰኔ የተጠቀምንበት

ደብረ ብርሃን ከባሕር ጠለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ያለች ብርዳም ከተማ በመሆኗ፣ ለአዲሱ ቤታችን ከመስኮት ውጭ የሚገጠም የፀሐይ መከላከያ ስናፈላልግ ጎረቤቶቻችን «እዚህ አገር ፀሐይ ትፈለጋለች እንጂ ትሸሻለች ወይ?» ይሉን ነበር። ጥያቄው ተገቢ ነው። ይሁን እንጂ በዚህ ከፍታ አየሩ ቢቀዘቅዝም ጨረሩ ብርቱ ስለሆነ፣ ሌሊት ውርጭ የሚወርድበት ሳሎን በበጋ ከሰዓት በኋላ በምዕራቡ ሰፊ መስታወት በኩል ሲግል መቀመጫ ያሳጣል።

ከውስጥ የሚሰቀል መጋረጃ ዓይንን ያሳርፋል እንጂ ሙቀቱን ብዙም አያስቀርም፤ ጨረሩ መስታወቱን አልፎ ከገባ በኋላ መጋረጃውን ያሞቃል፣ መጋረጃውም በተራው ክፍሉን ያሞቃል። የውጩ ግን ጨረሩን መስታወቱ ላይ ሳያርፍ ይመልሰዋል፤ አግድም የተደረደሩት ላሜራዎች (ቀጫጭን የአሉሚኒየም ዝርግ ቁራጮች) እንደ ፀሐይዋ አቅጣጫ ስለሚዞሩም ክፍሉ ሳይጨልም፣ ደጁም ሳይሰወር መቀመጥ ይቻላል። በዚህ በኩል ከጠበቅነው በላይ ረክተናል።

የትኛው መስኮት ይገባዋል የሚለውን የወሰነልን የፀሐይዋ አካሄድ ነው። ከተማችን ከምድር ወገብ በስተሰሜን 10 ዲግሪ ሊሞላ ጥቂት በቀረው ኬክሮስ ላይ ስለምትገኝ የቀትር ፀሐይ ከአናት ብዙ አትርቅም፤ ለሰሜንና ለደቡብ መስኮቶች የጣራው ክፈፍ በአብዛኛው ይበቃል፣ በኅዳርና በታኅሣሥ ወደ ደቡብ ዘንበል ስትል ደግሞ ብትገባ ደስ ይለናል። የጠዋቷም ፀሐይ በውርጭ አገር በረከት ናት። ስለዚህ ያስገጠምነው በምዕራብ በኩል ብቻ ነው፤ ዋጋው ቀላል ስላልሆነ ቤቱን ሁሉ ማልበስ አያስፈልግም እላለሁ።

ላሜራዎቹ 80 ሚሊ ሜትር ስፋት አላቸው። ግራና ቀኝ የሚይዛቸው ወይ የተወጠረ የብረት ገመድ ወይ የአሉሚኒየም ሐዲድ ነው፤ ገመዱ ለዓይን ቀለል ቢልም በነፋስ ስለሚወዛወዝ ሐዲዱን መረጥን። ሞተር ያለው፣ ነፋስ ሲበረታ በራሱ እንዲሰበሰብ መለኪያ ሊገጠምለት ይችላል፤ ነገር ግን መብራት ሲጠፋ ባለበት ይቀራል። የእኛ ከውስጥ በእጅ በሚዞር ዘንግ የሚሠራ ነው። ተሰብስቦ የሚያርፍበት ሳጥን ከመስኮቱ በላይ ቦታ ስለሚፈልግ ከልስን በፊት፣ ቢቻል አርኪትራቩ (ከመስኮቱ በላይ የሚያልፈው የኮንክሪት ተሸካሚ) ሳይሞላ ከፎርማኑ ጋር መነጋገር ይገባል።

በጥቅምትና በኅዳር ወርዶ ካደረ የሌሊቱ ጤዛ በረዶ ሆኖ ላሜራዎቹን እርስ በርስ ያጣብቃቸዋል፤ ዘንጉ ገና ከመዞሩ ጠንክሮ ይይዛል። በዚያን ጊዜ ቢያስገድዱት መሰብሰቢያው ጥብጣብ ሊበጠስ ይችላል፤ ረፋዱ ሞቅ ብሎ ውኃው ጠብ ጠብ ማለት ሲጀምር ግን ያለ ችግር ይወጣል። ስለዚህ ፀሐይ ስትጠልቅ ሰብስበነው እናድራለን፤ ለሌሊቱ ብርድ የሚሆነው የመንዝ ባና ነው እንጂ ይህ መጋረጃ አይደለም። የበጋው አቧራ ላሜራዎቹ ላይ ይጋገራል፤ በለስላሳ ጨርቅና ለብ ባለ የሳሙና ውኃ ይለቃል።

በበልግ የወረደ የበረዶ ዝናብ ሁለት ላሜራዎች አጉብጦብናል፤ የገጠመልን ድርጅትም ያንኑ ቀለም አሁን አላገኘም። የምትገዙ ሁሉ ጥቂት ትርፍ ላሜራዎችንና ሐዲዱ ውስጥ የሚንሸራተቱትን የፕላስቲክ ጫፎች ከዋናው ዕቃ ጋር አብራችሁ ተረከቡ።