ሊኑክስ ሚንት 22 ኤክስኤፍሲኢ፦ 4 ጊጋ ራም ላላቸው አሮጌ ላፕቶፖች

የዊንዶውስ 10 መደበኛ ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አብቅቷል። ዊንዶውስ 11 ደግሞ በጥቅሉ ከስምንተኛ ትውልድ በታች የሆነ የኢንቴል ፕሮሰሰር ያለውን ማሽን በይፋ አይቀበልም። እንደ ቲንክፓድ ቲ420 ያለ ላፕቶፕ ካለዎት ምርጫችን ሚንት 22 ኤክስኤፍሲኢ ነው (በዊንዶውስ ፈንታ የሚጫን ነፃ የሊኑክስ ሥርዓት ሲሆን ኤክስኤፍሲኢ ቀለል ያለው ዴስክቶፑ ነው)፤ ድጋፉ እስከ ሚያዝያ 2021 ዓ.ም. ይዘልቃል።

ሉቡንቱ የተባለው ሌላው ሊኑክስ ቀለል ይላል፣ እውነት ነው። ነገር ግን ፋየርፎክስ ብራውዘርን የሚያቀርበው በስናፕ (ፕሮግራሙን ከሚያስፈልገው ሁሉ ጋር አንድ ላይ በሚያሽግ ጥቅል) ስለሆነ በሚሽከረከር ሃርድ ዲስክ ላይ መጀመሪያ ሲከፈት ትዕግሥት ያስጨርሳል። ሚንት ስናፕን ከመነሻው ዘግቶ ፋየርፎክስን በተለመደው ጥቅል ይሰጣል። ለነገሩ ራሙን የሚበላው ብራውዘሩ እንጂ ዴስክቶፑ አይደለም፤ በ4 ጊጋ ላይ ብዙ ታብ ከከፈቱ የትኛውም ሊኑክስ አያድንዎትም።

ገንዘብ ካለ መጀመሪያ ኤስኤስዲ (የማይሽከረከር ፈጣን ዲስክ) ይግዙ። ለውጡ ከየትኛውም የሊኑክስ ምርጫ ይበልጣል። ራም ሲገዙ ግን ይጠንቀቁ፦ አራተኛ ትውልድ ኢንቴል ያላቸው ላፕቶፖች የሚፈልጉት 1.35 ቮልት የሆነውን ዲዲአር3ኤል የተባለ የራም ዓይነት ነው፤ የ1.5 ቮልቱን ከሰኩበት ላይነሳ ይችላል።

የሚንት መጫኛ ፋይል 3 ጊጋባይት ገደማ ስለሆነ 8 ጊጋ ፍላሽ ይበቃል። ሩፈስ ወይም ኤቸር በተባለ የፍላሽ መጻፊያ ፕሮግራም ይጻፉት፤ ቲንክፓድና ዴል ላይ ኤፍ12፣ ኤችፒ ላይ ኤፍ9 ተጭነው ከፍላሹ ያስነሱ። ሳይጭኑ በፊት ዋይፋዩን፣ ድምፁንና ስክሪኑን ከፍላሹ ላይ ይሞክሩ። የብሮድኮም ዋይፋይ ካርድ ብዙ ጊዜ አይታይም፤ ስልክዎን በገመድ አገናኝተው ዳታ ያጋሩትና ለካርዱ የሚያስፈልገውን ድራይቨር ለመጫን «ድራይቨር ማናጀር»ን ይክፈቱ። ዲስኩን ሙሉ በሙሉ የሚያጠፋውን አማራጭ ከመረጡ ዶክመንትዎ አይመለስም። ባትሪው የሞተ ከሆነ ደግሞ መብራት በሚቆራረጥበት ሰዓት አይጀምሩ፤ መሃል ላይ ከጠፋ ዲስኩ ግማሽ ተጽፎ ይቀራል።

ማሽኑ 32 ቢት ከሆነ ሚንት 22 አይሠራም፤ አንቲኤክስ የተባለውን ሌላ ቀላል ሊኑክስ ይሞክሩ።

አማርኛ ለመጻፍ ከሶፍትዌር ማናጀር አይባስ ኤም17ኤን የተባለውን የፊደል መጻፊያ ይጫኑ። «ኢንፑት ሜተድ» ውስጥ አይባስን መርጠው ወጥተው ይግቡ፤ ከዚያ በአይባስ ምርጫዎች አማርኛ ሥር «ሴራ»ን ይጨምሩ። በላቲን ፊደል ድምፁን ሲመቱ ፊደሉ ይወጣል።