ለመጀመሪያ የዓሣ ጉዞ፦ ጣና ወይስ ግልገል አባይ?

በላባና በክር የተሠራች ሰው ሠራሽ ዝንብ ይዘህ ጎጃም ልትሄድ ነው? ባሕር ዳር ቀላሉ ነው፤ ማደሪያውም ጀልባውም አለ። በጣና ነጭ ዓሣ ከሚባሉት የባርበስ ዝርያዎች ብዙዎቹ ትንንሽ ዓሣ ስለሚያድኑ፣ ትንሽ ዓሣ የምትመስል መንጠቆ ይዘህ ሂድ። ከሰዓት በኋላ ግን ንፋሱ ክር መወርወር ለጀማሪ ያከብድበታል።

ግልገል አባይ ሌላ ነው። ሰከላ፣ ግሽ አባይ ላይ ይነሳና ሸለቆ ለሸለቆ ወደ ጣና ይወርዳል። መኪናህን ትተህ፣ ስንቅህን ተሸክመህ በእግር ነው። ላይኛው ወንዝ ጠባብ ስለሆነ አጭር ውርወራ ይበቃሃል። ከትልልቅ ድንጋይ ኋላ ውሃው ዝም የሚልባት ቦታ አለች፤ ዝንቧን እዚያ ጣላት። እኔ ይሄን እመርጣለሁ።

ወሩን ግን አደራ። ክረምት ላይ ነጭ ዓሣ ከጣና ወጥቶ ገባር ወንዞች ውስጥ እንቁላሉን ይጥላል። ያኔ እባክህ አትንካው። ውሃው ሲጠራ፣ ኅዳር ላይ ሂድ።