ለኤሊና ለእስስት ፎቶ የትኛው መብራት ይሻላል? ሪንግ ላይት፣ ኤልኢዲ ፓናል ወይስ ፍላሽ

ደሴም ሆነ ኮምቦልቻ ግቢያቸው ውስጥ ኤሊ የሚያሳድጉ ሰዎች አሉ። ካሜራም የያዙ አሉ። ታዲያ ደጋግሞ የሚመጣው ጥያቄ "ምን ዓይነት ሌንስ ልግዛ?" የሚል ነው። የእኔ መልስ አንድ ነው። ሌንሱ ይቆይ፣ መጀመሪያ መብራቱን ግዙ።

ምክንያቱ እንስሳው ራሱ ነው። የኤሊ ጀርባ ያንጸባርቃል። የእስስት ቆዳ ደግሞ ጥቃቅን ጉብታ የሞላበት ነው። ቀረብ ብላችሁ ስታነሱ አፍንጫው ጥርት ብሎ ዓይኑ ይደበዝዛል፤ ዓይኑ ሲጠራ ደግሞ አፍንጫው ይጠፋል። ሁለቱንም ለማጥራት አፐርቸሩን፣ ማለትም ብርሃን የሚገባበትን የሌንስ ቀዳዳ፣ ወደ ኤፍ 8 ወይም ኤፍ 11 ማጥበብ ይመረጣል (የኤፍ ቁጥሩ ሲጨምር ቀዳዳው ይጠባል)። አፐርቸር ሲጠብ ብርሃን ያንሳል። ስለዚህ ገንዘቡ ወደ ብርሃን ይሂድ።

ሪንግ ላይት

ስልክ መሸጫ ሱቅ በገባችሁ ቁጥር የምታዩት ክቡ መብራት እሱ ነው። ርካሽ ነው፣ ለሰው ፊትም ጥሩ ነው። ፊት ላይ የሚወደደው ጥላ ስለሚያጠፋ ነው። ለኤሊና ለእስስት ግን ጥላ ያስፈልጋል። ቅርፊቱ ከፍና ዝቅ ብሎ የሚታየው በጥላ ነው። ሪንግ ላይት ከፊት ለፊት ሲበራበት ኤሊው ጠፍጣፋ ሆኖ ይወጣል፤ ጀርባው ላይም ዓይኑ ውስጥም ነጭ ቀለበት ይታተማል። በዩኤስቢ የሚሠሩት ትንንሾቹ ደግሞ አቅማቸው ደካማ ነው። ኤፍ 8 ላይ ልሥራ ብትሉ አይኤስኦው (ካሜራው ለብርሃን ያለው ስሜት) 3200 እና ከዚያ በላይ ይወጣና ፎቶው ይሻክራል። ለዚህ ሥራ ብላችሁ አዲስ አትግዙት። ቤት ውስጥ ካለ ግን ከካሜራው ነጥላችሁ ወደ ጎን አቁሙት፣ በነጭ ሻሽም ሸፍኑት። ያኔ የተሻለ ይሠራል።

ኤልኢዲ ፓናል

ፓናል ትልቅ ጥቅም አለው፤ የምታዩት ነው የሚወጣው። ጥላው የት እንደወደቀ ከማንሳታችሁ በፊት ታያላችሁ። ቪዲዮም ለሚሠራ ሰው ከፍላሽ ይልቅ ይሄ ይሻለዋል። ስትገዙ ሲአርአይ የሚለውን ቁጥር እዩ፤ መብራቱ ቀለምን ምን ያህል በትክክል እንደሚያሳይ የሚናገር ነው፣ 95 እና ከዚያ በላይ ይሁን። ከዚያ ካነሰ የእስስቱ አረንጓዴ ሞቶ ሊወጣ ይችላል።

ሁለተኛው ነገር መርገብገብ ነው። የእኛ አገር መብራት 50 ኸርዝ ስለሆነ ጥራት የሌለው ኤልኢዲ በሰከንድ 100 ጊዜ ይርገበገባል። በዓይን አይታይም፣ ፎቶ ላይ ግን ጥቁር መስመር ሆኖ ይመጣል። ሱቅ ውስጥ ሆናችሁ ፈትሹት። ፓናሉን ከግድግዳ ሶኬት ሰክታችሁ አብሩ፣ የካሜራውን ሻተር (ብርሃን የሚገባበትን ጊዜ) 1/1000 ሰከንድ ላይ አድርጉ፣ ነጭ ግድግዳ ላይ አከታትላችሁ አንሱ። መስመር ከታየ ዕቃውን መልሱ።

የምጀምርበት ሴቲንግ ሻተር 1/100፣ ኤፍ 5.6፣ አይኤስኦ ከ800 እስከ 1600 ነው። ኤሊ ለዚህ ይመቻል። እስስትም ቅርንጫፍ ላይ ካረፈ ይቆማል። ፈጣን እንሽላሊት ግን በ1/100 አይያዝም።

ባትሪውንም አትርሱ። ብዙ ፓናል ያለ ባትሪ ነው የሚሸጠው። መብራት በሄደ ቁጥር ሥራ ላለማቆም ባትሪውን ከነቻርጀሩ በዋጋው ላይ ደምራችሁ አስቡት።

በፓናል ፋንታ ፓውዛ እጠቀማለሁ የሚል ካለ እባካችሁ ይቅር። የድሮው ሃሎጅን ፓውዛ ምድጃ ነው። እነዚህ እንስሳት የሰውነታቸውን ሙቀት ከውጭ ነው የሚያገኙት፣ ከመጠን ሲያልፍባቸው መሸሻ ከሌላቸው ይሞታሉ።

ፍላሽ

የእኔ ምርጫ ይሄ ነው፤ ካሜራ ላለው ሰው ከሦስቱ ይበልጣል። እንደ ጎዶክስ ቲቲ600 ያለ ማኑዋል (ኃይሉን በእጅ የምታስተካክሉት) ፍላሽ በአራት ባትሪ ድንጋይ ይሠራል። ኃይሉ ከሙሉ እስከ 1/128 ይቀነሳል። ስትቀንሱት ብልጭታው ያጥራል፤ ታች ላይ ከ1/10,000 ሰከንድ በታች ይወርዳል። የእስስት ምላስ እንኳ ቀጥ ብሎ ይያዛል። መብራት ሄደ አልሄደ አያሳስባችሁም።

ግን ካሜራው ላይ ሰክታችሁ ቀጥታ አትተኩሱ። በቅርብ ርቀት ወደ ዓይኑ መተኮስ እንስሳውንም ይረብሻል፣ ፎቶውንም ያበላሻል። ትሪገር፣ ማለትም ፍላሹን ያለ ገመድ ከርቀት የሚያበራ ዕቃ፣ ግዙለትና ከካሜራው ለዩት። ትሪገሩ ከካሜራችሁ ዓይነት ጋር መግጠም አለበት፤ የካነኑ ለኒከን አይሆንም። ፍላሹን ከኤሊው በስተግራ፣ ትንሽ ከኋላና ከላይ አድርጉት። ፊቱ ላይ ትንሽ ሶፍትቦክስ (ብርሃኑን የሚያለሰልስ የጨርቅ ሳጥን) ወይም ሁለት እጥፍ ነጭ ሻሽ ይሁንበት። በስተቀኝ ነጭ ካርቶን አቁሙ። አሁን ኤሊው ጀርባ ላይ እያንዳንዱ ክፍል ውስጥ ያሉት የእድገት መስመሮች አንድ በአንድ ይወጣሉ፤ አንገቱ ላይ ያለው የቆዳ እጥፋት ይታያል። ሪንግ ላይት ይሄን በፍጹም አይሰጣችሁም።

ሴቲንጉ ሻተር 1/160፣ ኤፍ 11፣ አይኤስኦ 200፣ ፍላሹ 1/16 ነው። ከደመቀ ፍላሹን ቀንሱ እንጂ ሻተሩን አትንኩ። ብዙ ካሜራ ላይ ሻተሩን ከ1/200 ካሳለፋችሁ የፎቶው ከፊል ጥቁር ይሆናል። ፎከሱ ሁልጊዜ ዓይን ላይ ነው። የእስስት ዓይን በቆዳ የተሸፈነ ሾጣጣ ነው፣ ጫፉ ላይ ትንሽ ቀዳዳ አለች። ፎከሱ እዚያች ቀዳዳ ላይ ይረፍ።

እስስቱ ከጠቆረ ፈርቷል ወይም በርዶታል። ተዉት፣ ይረጋጋ። በቅንጅት የሚገኝ ቀለም አይደለም፤ ከራሱ ነው የሚመጣው። ኤሊም ጥላ ሲያልፍበት ጭንቅላቱን ይከታል፣ ስለዚህ ፍላሹን ቀድማችሁ አስተካክላችሁ ቁጭ ብላችሁ ጠብቁ።

ምንም ሳይገዙ

ይሄን ከልብ ነው የምለው፤ ደሴ ለሚኖር ሰው መብራት ሳይገዛም መጀመር ይቻላል። ከተማው 2,500 ሜትር አካባቢ ከፍታ ላይ ስለሆነ የቀን ፀሐይ ኃይለኛ ነው፣ ጥላውም ጥቁር ነው። ጦሳ ተራራ ላይ ጉም ሲወርድ ግን ሰማዩ በሙሉ ሶፍትቦክስ ይሆናል። ከጠዋቱ 1 እስከ 3 ሰዓት በረንዳ ጥላ ውስጥ 1/250፣ ኤፍ 5.6፣ አይኤስኦ 400 አድርጉ። ብርዱ ስላለ ኤሊው ገና አልነቃም፣ ቀስ ይላል። እንዲረጋ ብሎ ፍሪጅ ውስጥ ወይም ቀዝቃዛ ውኃ ውስጥ ማስገባት ግን ጭካኔ ነው።

ኮምቦልቻ ሌላ ነው። ከደሴ 600 ሜትር ያህል ዝቅ ስለሚል ሙቀቱ ቶሎ ይመጣል፣ እንስሳውም በማለዳ ይሮጣል። እዚያ ፍላሽ ያስፈልጋል።

በስልክ የምታነሱ ከሆነ ሰፊውን ሌንስ ትታችሁ 2 እጥፍ ላይ አድርጉ፤ አፍንጫው አይጋነንም። ዓይኑ ላይ ጣታችሁን ተጭናችሁ ያዙ፣ ከዚያ ብርሃኑን ትንሽ ዝቅ አድርጉ።

ሌንሱስ?

50 ሚሜ ኤፍ 1.8 ለቅርብ ይሆናል ብሎ የሚገዛ ብዙ ነው። የካነኑን ብናይ ከ35 ሴንቲሜትር በታች አይቀርብም፣ የሚያጎላውም 0.21 እጥፍ ነው። ከካሜራው ጋር የሚመጣው የካነን 18-55 ኤፍ 3.5-5.6 ኤስቲኤም 25 ሴንቲሜትር ድረስ ይቀርባል፣ 0.36 እጥፍም ያጎላል። ያላችሁ ይበልጣል ማለት ነው። ለትንሽ እስስት ካልበቃችሁ ኤክስቴንሽን ቲዩብ ጨምሩ፤ በካሜራውና በሌንሱ መሀል የሚገባ ባዶ ቱቦ ነው፣ ርካሽም ነው። ቲዩቡ የኤሌክትሪክ መገናኛ ያለው ይሁን፣ አለዚያ አፐርቸሩን መቀየር አትችሉም። 100 ሚሜ ማክሮ (ለቅርብ ፎቶ የተሠራ ሌንስ) ግሩም ነው፤ ግን በእሱ ዋጋ ፍላሹም ትሪገሩም ቲዩቡም ይገዛሉ።

ያገለገለ ፍላሽ ስትገዙ የባትሪ ቤቱን ክፈቱ። ነጭ ወይም አረንጓዴ ዱቄት ካለ ባትሪ ፈሶበታል። ከዚያ ሙሉ ኃይል ላይ አድርጋችሁ አሥር ጊዜ አከታትላችሁ አብሩት፣ በየመሀሉ ለመሙላት የሚፈጅበትን ጊዜ አስተውሉ። በሙሉ ባትሪ ሆኖ ከሰባት ስምንት ሰከንድ በላይ ካስጠበቃችሁ ለሻጩ መልሱለት።